ውሻዎን ወደ ጎልፍ ሜዳ ሲወስዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎህ ሲቀድ ተነስቶ የጎልፍ ሜዳ ሣር የሚያጭድ ሰው ውሻ ቢጠላ አይፈረድበትም። እኔ ግን አልጠላም። ከለንደን በስተምዕራብ ባለ አንድ ክለብ የሣር ሠራተኛ በነበርኩበት ጊዜ ከአባላቱ ስም ይልቅ የውሾቻቸውን ስም ነበር ቀድሜ ያጠናሁት። ሰዎቹ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ሲያልፉኝ፣ ውሾቹ ከሩቅ አይተውኝ ጅራታቸውን እየቆሉ ይመጡ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ክለቡ ውሻ ከለከለ። በልብስ መቀየሪያው በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ርእሱ "ውሾችን በተመለከተ" ይላል እንጂ፣ ከታች የተዘረዘሩት ጥፋቶች ሁሉ የሰው ነበሩ። የትኛው መስመር በማን የተነሳ እንደገባ እኛ ሠራተኞቹ በጣታችን እየቆጠርን መናገር እንችል ነበር። ስለዚህ "ጎልፍ ተጫዋች ውሻውን ይዞ ወደ ሜዳ ይግባ ወይስ አይግባ?" የሚል ጥያቄ በተነሳ ቁጥር መልሴ "ይግባ" ነው። ብቻ ጌታው ከዚህ በታች ያሉትን አይሥራ።

"ሌላ ቦታ ይቻላል" ብሎ ሳይጠይቁ መምጣት

በብሪታንያ ውሻን ይዞ ጎልፍ መጫወት የቆየ ልማድ ነው። በሰሪና በበርክሽር ወሰን ላይ ባለው በሰኒንግዴል ውሻ ከጌታው ጎን ጉድጓድ በጉድጓድ ሲሄድ ማየት ማንንም አያስደንቅም። በስኮትላንድ ሴንት አንድሩስ ያለው ኦልድ ኮርስ ደግሞ፣ ትልልቅ ውድድሮች ካልገጠሙ በቀር፣ እሑድ እሑድ ለጨዋታ ይዘጋና የከተማው ሰው መናፈሻ ይሆናል። የዓለም ታላላቅ ተጫዋቾች የተሰናበቱባት ትንሿ የስዊልካን ድልድይ በዚያን ቀን የልጆችና የውሾች ፎቶግራፍ መነሻ ናት።

ይህን ያየ ሰው ሁሉም ቦታ እንዲሁ ይመስለዋል። በአሜሪካ አብዛኞቹ ሜዳዎች ውሻ አያስገቡም። በብሪታንያም ቢሆን እዚህ የተፈቀደው ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄድ ሲሉ የተከለከለ ሆኖ ይገኛል። አንዱ ክለብ ለአባል ብቻ ይፈቅዳል፤ ሌላው ከሰኞ እስከ ዓርብ ብቻ፤ ሌላው ሜዳውን ፈቅዶ ቤቱን ይከለክላል። ስልክ ደውለው አራት ነገር ይጠይቁ፦ እንግዳ ውሻ ይዞ መግባት ይችላል ወይ? ውድድር ያለው በየትኛው ቀን ነው? ማሰሪያ ግዴታ ነው ወይ? ከጨዋታው በኋላ ሻይ ስጠጣ ውሻው የት ይቆያል? ብዙ ሰው የሚረሳው አራተኛውን ነው፤ ከዚያ ውሻው በመኪና ውስጥ ይዘጋበታል፤ ወደዚያ እመለስበታለሁ።

በስኮትላንድ ያላችሁ ሌላም ነገር ልብ በሉ። የ2003 የመሬት ሕግ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ማንም ሰው የጎልፍ ሜዳን አቋርጦ እንዲያልፍ መብት ይሰጣል። መብቱ ግን አቋርጦ ለማለፍ ብቻ ነው። ጨዋታ ሳያውክና ግሪን፣ ማለትም በጉድጓዷ ዙሪያ ያለውን አጭር ሣር፣ ሳይረግጥ፤ ውሻውም ጭምር። ዓይነ ስውርን የሚመራ ውሻ ግን ከዚህ ሁሉ ክርክር ውጭ ነው፤ እሱን የ2010 የእኩልነት ሕግ ይጠብቀዋል።

ውሻውን ከጋሪው ጋር ማሰር

ይህን ያየሁት በዓይኔ ነው። ወሩ ጥቅምት፣ ሰዓቱ ማለዳ፣ ቦታው ከኩሬው አጠገብ። ሰውዬው ስፓንያል ውሻውን በሦስት ጎማው የጎልፍ ጋሪ እጀታ ላይ አስሮ ዱላ ይመርጣል። ከቁጥቋጦው ሥር አንዲት ጥንቸል ብቅ አለች። ውሻው ተፈተለከ፤ ጋሪው ተከተለው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማስረዳት ውሻ መሆን ያስፈልጋል፦ ጥንቸሏ ከጠፋች በኋላም መሮጡን አላቆመም፤ ምክንያቱም አሁን እሱ ራሱ እየተንኳኳ በሚከተለው በአንድ ብረት አውሬ እየተሳደደ ነበር። በፈጠነ ቁጥር አውሬውም ይፈጥናል። ዱላዎቹ አንድ በአንድ እየተበተኑ ሄዱ፤ ጋሪው መጨረሻ ላይ ኩሬው ዳር ባለ ሸምበቆ ውስጥ ገብቶ ተገለበጠ። ውሻውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ልቡ እጄ ላይ ሲመታ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያ ውሻ ጋሪ ሲያይ ይንቀጠቀጥ እንደነበር ጌታው ነገረኝ።

ማሰሪያው በወገብዎ ላይ ባለ ቀበቶ ይሁን፤ ሁለት እጅዎም ነፃ ይሆናል። በሚመቱበት ጊዜ መሬት ላይ በሚወጋ ችካል ማሰር ይቻላል። ርዝመቱ ሁለት ሜትር ገደማ ያለው የማይለጠጥ ጠፍር ይበቃል። ያ ቁልፉን ሲጫኑት እየተተረተረ የሚረዝመው ቀጭን ገመድ ለመናፈሻ ይሆን ይሆናል፤ እዚህ ግን አብሮዎት የሚጫወተውን ሰው ቁርጭምጭሚት ነው የሚጠመጥመው።

"የእኔ ውሻ ያለ ማሰሪያም ከአጠገቤ አይለይም" የሚሉ አሉ፤ እውነትም የማይለዩ ውሾች አውቃለሁ። ነገር ግን በደቡብ እንግሊዝ ብዙ የጎልፍ ሜዳዎች የተሠሩት አሸዋማ በሆነ የቁጥቋጦ ምድር ላይ ሲሆን፣ እዚያ ደግሞ ጎጇቸውን መሬት ላይ የሚሠሩ ወፎች አሉ። ለሕዝብ እግረኛ ክፍት በሆነ የዚህ ዓይነት መሬት ላይ ከመጋቢት 1 እስከ ሐምሌ 31 ውሻ ከሁለት ሜትር በማይበልጥ ማሰሪያ እንዲያዝ ሕግ ያስገድዳል። እንቁላሏ ላይ የተቀመጠች ወፍ የእርስዎ ውሻ ጨዋ መሆኑን አታውቅም፤ ትነሳለች፣ እንቁላሉም ይቀዘቅዛል።

ግሪን ላይ ይዞ መግባት

ይህኛው እንጀራዬ ስለነበረ ትንሽ ልቆይበት። ግሪን የምንለው ባንዲራው የተተከለበት፣ ኳሷ ወደ ጉድጓዷ የምትንከባለልበት ምንጣፍ የመሰለው ሣር ነው። የምናጭደው ወደ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ አድርገን ነው፤ ከክብሪት እንጨት ውፍረት እምብዛም አይበልጥም። በዚህ ቁመት የሚኖር ሣር ምንጊዜም በሕመምና በጤና መካከል ያለ ሣር ነው።

ቀስ ብሎ የሚራመድ ውሻ ጉዳቱ ሰዎች እንደሚያወሩት አይደለም። እንዲያውም እግሩን እየጎተተ የሚሄድ ዘጠና ኪሎ ተጫዋች የባሰ ያደርጋል፤ ይህን ለኮሚቴውም ተናግሬያለሁ፤ አልወደዱልኝም። ችግሩ ሮጦ ድንገት ሲዞር ነው። ያን ጊዜ ጥፍሩ ሣሩን ከነሥሩ ቧጥጦ ያነሳዋል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ሽንት ነው። የውሻ ሽንት በናይትሮጂን የበለጸገ ነው፤ ማዳበሪያም ናይትሮጂን ነው። ጥቂቱ ሣሩን ያፋፋል፣ ብዙው ያቃጥላል። ስለዚህ ከጥቂት ቀናት በኋላ የሚያዩት ክብ ነገር መሃሉ ገለባ የመሰለ፣ ዙሪያው ደግሞ ከቀረው ሣር የጠቆረ አረንጓዴ ነው። ተቀምጣ የምትሸና ሴት ውሻ ሁሉንም አንድ ቦታ ስለምታፈስሰው ክቡ ይሰፋል፤ ወንዱ ደግሞ ምልክት ማድረግ ስለሚወድ የባንዲራውን ዘንግ ይመርጣል፣ ማለትም ጉድጓዷ ያለችበትን ቦታ። እኛ ያን ክብ በጉድጓድ መቁረጫው ቆርጠን አውጥተን ከመጠባበቂያው ሣር በልኩ ቆርጠን እንተካ ነበር። ተተክቶ ከዙሪያው ጋር እስኪገጥም ድረስ በላዩ የምትንከባለል ኳስ ታዘነብላለች፤ የሚረገመው ግን ሣር ሠራተኛው ነው።

ውሻዎ ጨዋታ ሳይጀመር በመኪና ማቆሚያው ዳር ይሽና። ግሪን ሲደርሱ ከጠርዙ ወዲያ ይቁም ወይም ይቀመጥ። አምልጦ ከሸና ወዲያው የያዙትን ውሃ በብዛት ያፍስሱበት፤ ከተቀጠነ አያቃጥልም። ከዚያም ለሠራተኛ ይንገሩ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ መጥቶ የነገረኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ስሙን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ የውሻዋንም እንዲሁ።

የራስን ዱካ አስተካክሎ የውሻውን መተው

ባንከር፣ ማለትም የአሸዋው ጉድጓድ፣ ለውሻ የልጆች መጫወቻ ነው። ይገባል፣ ይዞራል፣ ይቆፍራል። ጌታው ኳሱን መትቶ ሲወጣ ጥርሳሙን የአሸዋ መሳቢያ አንስቶ የራሱን ዱካ ያስተካክላል፤ የውሻውን ግን ያያል፣ ይስቃል፣ ይሄዳል።

ቀጥሎ የሚመጣው ተጫዋች ኳሱ በመዳፍ ዱካ ውስጥ ቢገባበት ሕጉ አይረዳውም። በግሪን ላይ የእንስሳ ዱካ ያለ ቅጣት ማስተካከል ይፈቀዳል፤ በባንከር ውስጥ ግን እንዳለ መምታት ነው። ውሻው የቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ከገባ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። እስከ 2018 ድረስ ሕጉ እፎይታ ይሰጥ የነበረው ጉድጓድ ቆፋሪ ተብለው ለተለዩ እንስሳት ጉድጓድ ስለነበር ውሻ አይቆጠርም ነበር። በ2019 ሕጉ ሲሻሻል "ማንኛውም እንስሳ የቆፈረው" ሆነ። ስለዚህ ዛሬ ተጫዋቹ ኳሱን ያለ ቅጣት አንስቶ በዚያው ባንከር ውስጥ ሌላ ቦታ ላይ መጣል ይችላል። ውሻ በጎልፍ ሕግ ያገኘው እድገት ይኸው ነው።

ኳስ እንዲያመጣ አስተምሮ ኳስ ወዳለበት ሜዳ ማምጣት

ዓመቱን ሙሉ በመናፈሻ ውስጥ ኳስ እየወረወሩ "አምጣ!" ሲሉት የኖሩትን ውሻ እዚህ "ተው!" ቢሉት አይገባውም። ጥፋቱም የእሱ አይደለም።

አንድ ቅዳሜ ሁለት የቆዩ ጓደኛሞች በላብራዶር የተነሳ ሊጣሉ ደርሰው ነበር። ውሻው የአንደኛውን የቆመ ኳስ ከሣሩ መሃል አንስቶ ለጌታው ጫማ ሥር በኩራት አስቀመጠለት። ጌታው "ካለበት ይመታ"፣ ሌላው "ቅጣት ይገባሃል" ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ለጎልፍ ሕግ ውሻ፣ የማንም ይሁን የማን፣ የውጭ ተጽዕኖ ነው። የቆመ ኳስ ካነሳ ማንም አይቀጣም፤ ኳሱ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ቦታው በትክክል ካልታወቀ በግምት ይቀመጣል። የሚንቀሳቀስ ኳስ ውሻ ላይ ተነጥሮ ከሄደ ደግሞ ዕድለኛም ሆኑ ዕድለ ቢስ ካረፈበት ይመታል። ከግሪን ላይ የተመታ ኳስ ውሻ ሲነካው ብቻ ያ ምት ተሰርዞ ከቦታው ይደገማል። አንድ ነገር ግን ያስፈልጋል፦ ውሻው ማንሳቱ መታየት ወይም እንደ ታየ ያህል መረጋገጥ አለበት። "የት ጠፋ? ውሻው ወስዶት ይሆናል" ማለት አይበቃም፤ ያ የጠፋ ኳስ ነው፣ ከነቅጣቱ።

ከክርክሩ ይልቅ የሚያስፈራው ሆዱ ነው። የጎልፍ ኳስ ስፋት ከ42.67 ሚሊ ሜትር አያንስም፤ ለትልቅ ውሻ ጉሮሮ የሚያልፍ፣ ለአንጀት ግን የማያልፍ መጠን ነው። ውሻዎ ኳስ አፉ ውስጥ ካስገባ አይሩጡበት፤ ሲባረር ይውጠዋል። ኪስዎ ውስጥ የሚጣፍጥ ነገር ይኑር፤ በልውውጥ ይተፋል። ወደ ሜዳ ከመምጣትዎ በፊት "ልቀቅ" የሚለውን ቃል በቤት ያስጠኑት።

ሌላው ደግሞ ከፊትዎ እንዲቆም መተው ነው። ኳሷ 45 ግራም ገደማ ብትሆንም ከብርቱ ተጫዋች ዱላ ስትነሳ በሰዓት ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ትበርራለች። ሰው "ፎር!" የሚለውን የማስጠንቀቂያ ጩኸት ሲሰማ ራሱን ይሸፍናል። ውሻ ሲሰማው ቀና ብሎ ያያል።

"ስመለስ አነሳዋለሁ" ብሎ ከረጢቱን መተው

ዓይነ ምድሩን በከረጢት አንስቶ፣ ከረጢቱን በጥንቃቄ ቋጥሮ፣ ቁጥቋጦ ላይ ሰቅሎ የሚሄድ ሰው ምን እንደሚያስብ እስከ ዛሬ አልገባኝም። መሬት ላይ የተተወ በስብሶ ይጠፋል፤ በፕላስቲክ የታሸገው ግን ሳይበሰብስ ይጠብቀናል። የሚጠብቀው ደግሞ በገመድ የሚሽከረከረውን ማጨጃ ይዤ ረጅሙን ሣር የምቆርጠውን እኔን ነው። ማጨጃው ከረጢት ሲያገኝ የሚሆነውን ልገልጸው አልፈልግም። የፊት መከላከያ መስታወት ስለ ሠራው ሰው ጸልዬለታለሁ ብቻ ልበል።

ለተጫዋች ሕጉ ቀላል ነው፤ የእንስሳ ዓይነ ምድር እንደ ቅጠልና እንደ ጭራሮ ተቆጥሮ ያለ ቅጣት ይነሳል። ለጤና ግን ቀላል አይደለም። ከውሻ አንጀት የሚወጣው የቶክሶካራ ትል እንቁላል በአፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ ወደ ሰው በተለይም ወደ ሕፃን ከተላለፈ ዓይን እስከማሳወር ይደርሳል። ከረጢቱ በጎልፍ ቦርሳዎ ጎን ተንጠልጥሎ አብሮዎት ይዙር። የሚሸት ከሆነ ክዳን ያለው ጣሳ ይግዙ።

ሙቀቱን በራስ መለካት

ሙሉ ጨዋታ፣ ማለትም አሥራ ስምንት ጉድጓድ፣ አራት ሰዓት ገደማና ከስምንት ኪሎ ሜትር በላይ እግር ጉዞ ነው። ለእርስዎ ባርኔጣና የሚተን ላብ አለዎት። ውሻ ግን ላብ የሚያወጣው በመዳፉ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ራሱን የሚያቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። እንደ ቡልዶግ ያሉ አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ውሾች ደግሞ እሱንም በቅጡ አይችሉትም። ሐምሌ 2022 በእንግሊዝ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ያለፈ ጊዜ ሜዳው ላይ ውሻ ይዘው የመጡ ሁለት ሰዎች ነበሩ። መለስናቸው። ተቆጡ።

ውሃ ከነማጠጫው ይያዙ፤ በሜዳው ኩሬ አይተማመኑ። በበጋ ኩሬ ላይ እንደ ተፈሰሰ አረንጓዴ ቀለም የሚንሳፈፈው አልጌ ውሻን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ ማርከሻም የለውም። ለቡችላና ለአሮጌ ውሻ ዘጠኝ ጉድጓድም ይበዛል። በመኪና ውስጥ ዘግቶ ሻይ መጠጣት ደግሞ፣ መስኮቱ ገርበብ ቢልም፣ ፈጽሞ አይሆንም።

"አይናከስም!" ብሎ ከሩቅ መጮህ

የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታ ሜዳውን በሚያቋርጠው የእግረኛ መንገድ ላይ ትጠብቀኝ ነበር። እሷ ያደገችው በርካታ የግቢ በሮች ላይ "ኃይለኛ ውሻ አለ" ተብሎ በተጻፈበት ሰፈር ነው። ማታ ውሻ ሲንጋጋ መንገድ ቀይሮ መሄድን፣ የእብድ ውሻ ወሬ ሲሰማ ልጆችን ወደ ቤት መሰብሰብን ታውቃለች። ውሻ ለእሷ አልጋ ላይ የሚተኛ ፍጡር አይደለም። አንድ ያልታሰረ ቦክሰር ውሻ እየዘለለ መጣ። ጌታው ሰማንያ ሜትር ርቆ ዱላውን እንደያዘ "አይናከስም! መጫወት ፈልጎ ነው!" ይላል። እሷ ቋንቋውን ብትሰማም ቃሉ አልደረሳትም። የያዘችልኝ የሻይ ፔርሙዝ እግሯ ሥር ተሰብሮ ነበር ስደርስ፤ እጆቿን ደረቷ ላይ አጥፋ እንደ ምሰሶ ቆማለች። ውሻው ጫማዋን እያሸተተ ጅራቱን ይቆላል።

ሰውዬው ስቆ "አየሽ?" አላት።

በእንግሊዝና በዌልስ ውሻ ባይነክስም እንኳ አንድ ሰው "ሊጎዳኝ ነው" ብሎ በቂ ምክንያት ባለው ፍርሃት እንዲሸበር ካደረገ ከቁጥጥር ውጭ እንደሆነ አደገኛ ውሻ ሊቆጠር ይችላል። ይህ በ1991ዱ የአደገኛ ውሾች ሕግ ያለ ነው። ከ2014 ወዲህ ደግሞ በግል ይዞታም ላይ ይሠራል፤ የጎልፍ ክለብም የግል ይዞታ ነው። ለሰውዬው ይህን አልነገርኩትም፤ በወቅቱ ሠራተኛ ነበርኩ፣ እሱ ደግሞ አባል። ቅሬታዬን ግን በጽሑፍ አስገባሁ። በማስታወቂያው ላይ ከሰፈሩት ነጥቦች አንዱ የእኔ እንደሆነ አልደብቅም።

አብረውዎት የሚጫወቱትንም ከመጀመሪያው ምት በፊት ይጠይቁ። "ውሻ ቢኖር ቅር ይልሃል?" ብለው ለብቻ ይጠይቁ እንጂ ውሻውን ይዘው ፊቱ ቆመው አይጠይቁ፤ ያን ጊዜ ማንም "አዎ" አይልዎትም።

ክልከላው የቆየው አንድ ዓመት ከግማሽ ያህል ነው። ከዚያ ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ በአጭር ማሰሪያ፣ ለአንድ ተጫዋች አንድ ውሻ ተብሎ ለሙከራ ተፈቀደ። በተፈቀደበት የመጀመሪያ ማክሰኞ ማጨጃዬን እየገፋሁ አሥራ አንደኛው ግሪን ደረስኩ። ከእኔ በፊት ያለፉት አንድ አዛውንትና ያቺ ሽንቷን መጥተው የነገሩኝ ውሻቸው ብቻ ነበሩ። ጤዛው ገና አልረገፈም። የሰውዬው ጫማ ዱካ እስከ ባንዲራው ሄዶ ይመለሳል፤ የመዳፎቿ ዱካ ግን ግሪኑ ጠርዝ ድረስ መጥቶ እዚያው ይቆማል፤ አጠገቡም ሆዷ ያረፈበት ሞላላ ደረቅ ቦታ።